ያልጻፍነው ገጽ፦ የሞተር ሳይክል ቴስታታ ሙቀትና የገሳይ መንገድ

(በምሩቃን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመታዊው መጽሐፍ እንዲስማማ ተናጋሪው ጥቂት አሳጥሮታል።)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከተመረቅህ በኋላ ስለሠራኸው ሥራ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩት። ከተመረቅሁ በኋላ የሠራሁት እዚህ ካላችሁት ከብዙዎቻችሁ ሥራ የሚለይ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ነው፤ ሲበላሽ ይጠሩኛል፣ ሲሠራ ይረሱኛል። ስለዚህ ልንመረቅ ስንል ስላበላሸሁት አንድ ነገር ልናገር። የፕሮጀክት ጓደኛዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ «እኔም ደክሞኛል፣ ተናገረው» ብሎኛል።

አንዳንዶቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ታስታውሱታላችሁ። ርእሱ በአየር የሚቀዘቅዝ የሞተር ሳይክል ሞተር የቴስታታ ሙቀት በከፍታ ቦታ ላይ ስለመለካት ነበር። «ኤ» አግኝተንበታል። ከእኛ በኋላ የመጡ ተማሪዎችም እንደ ማጣቀሻ ሲጠቀሙበት እንደኖሩ በቅርቡ ሰማሁ። መናገር ግዴታዬ ነው ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እኔ የገሳይ ልጅ ነኝ። ለማታውቁት፣ ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አካባቢ ያለች የድንችና የገብስ አገር ናት። ጠዋት ውርጭ አለ። ሞተር ሳይክል ከመነሳቱ በፊት አምስት ስድስት ጊዜ መረገጥ አለበት። ከዚያ ደብረ ታቦርን አልፈው፣ ዓለም በርን ይዘው ወረታ ሲወርዱ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይቀበልዎታል፤ ጃኬት ያስወልቃል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወርድና መልሶ ይወጣል። እኛ ሰዎቹ ጃኬት እናወልቃለን፤ ካርበራተር ግን ራሷን ማስተካከል አትችልም።

የግብርና፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎቻችን በገጠር የሚሄዱት በአመዛኙ በእነዚህ በአየር በሚቀዘቅዙ ሞተር ሳይክሎች ነው። ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም፤ ያለው የቴስታታው ክንፎችና ነፋሱ ብቻ ነው። የጋለው ሁሉ በእነዚያ ክንፎች ካልወጣ ሌላ መውጫ የለውም። ባጃጅ እንኳ ሞተሩ ከኋላ ስለተደበቀ ማራገቢያ ተደርጎለታል። የድሮዎቹ ቮልስዋገኖችም ማራገቢያ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለቆመ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግል ነበር። የቮልስ መካኒክ የነበረ ሰው እዚህ ካለ ራሱን እየነቀነቀ ነው።

ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሙቀቱን የሚያነብበት መሣሪያ የለውም። የአውሮፕላን ሰዎች አላቸው። ላይካሚንግ የሚባለው የትናንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ሠሪ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ የቴስታታውን ጣሪያ 500 ፋራናይት፣ ማለትም 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አስቀምጧል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለግህ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገህ ያዘው ይላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ ነገር ግን ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ ጉልበቱን ያጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይልቅ ቶሎ ይለጠጥና ግድግዳውን ይነክሳል። የኋላ ጎማ በአንዴ ይቆለፋል። ነጂው ፍሪሲዮን ለመያዝ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ላያገኝ ይችላል።

መካኒኮቻችን መሣሪያ ባይኖራቸውም ዘዴ አላቸው። ካንዴላ ይፈቱና ቀለሙን ያያሉ፤ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የወተት ቡና ከመሰለ ደህና ነው፣ ከነጣ ተጠንቀቅ ነው። ሌላው ዘዴ በጣት ውኃ አንጠባጥቦ ማየት ነው። እናቴ ምጣድ መጋሉን የምታየው በዚሁ ነው። ተማሪ ሆኜ ስቄበታለሁ፤ ፊዚክስ ግን ከእናቴ ጋር ነው። ትንሽ የጋለ ብረት ላይ ውኃ ጭስስ ብሎ ወዲያው ያልቃል፤ በጣም ሲግል ግን ጠብታው በራሱ እንፋሎት ላይ ተንሳፎ እየዘለለ ይቆያል። ጠብታው ሲጨፍር ብረቱ በርዷል ማለት አይደለም። ይህንን የማያውቅ ልጅ «ውኃው እንኳ ቶሎ አልተነነም» ብሎ ሊጽናና ይችላል።

እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ልንሠራ ተነሳን። መሣሪያው ቴርሞካፕል ነው። ቶማስ ዮሃን ዜቤክ በ1821 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የደረሰበት ነገር ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገናኝተው አንዱ ጫፍ ሲሞቅና ሌላው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ቮልት ይፈጠራል። «ኬ» የሚባለው ዓይነት በየአንዱ ዲግሪ ወደ 41 ማይክሮቮልት ይሰጣል፤ በ200 ዲግሪ 8 ሚሊቮልት ያህል ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ርካሽ ቴስተር እንኳ ያነበዋል። ከቴስተሩ ጋር አንድ ሜትር ሽቦ መጣልን። ጫፉን ከናስ ቀለበት ጋር አያይዘን ከካንዴላዋ ሥር፣ በራሷ ቀለበት ፈንታ አስቀመጥነው።

ሞተር ሳይክሉን ያዋሱን የአካባቢያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ ጋሼ ልበላቸው። ከብቶቻችንን ሲያክሙ ነው ያደግሁት። ባለ ሁለት ምት ሞተራቸው ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላዋም ሁልጊዜ ጥቁር ናት ብለው ያማርሩ ነበር። ትክክል ነበሩ። በከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ካርበራተሯ የምትለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል። «የካርበራተሯን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር እናሳንሰው፣ ሙቀቱን እየለካን እናስተካክልልዎታለን» አልናቸው። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉን።

የሴሚስተር ዕረፍት ነበር። ከመውጣታችን በፊት መሣሪያውን እናረጋግጥ አልንና የእናቴ ማድ ቤት ገባን። ውኃ አፈላን፣ ቀለበቱን ነከርን። ቴስተሩ 90 አለ። ጠበቅን። 90። ውኃው ይንተከተካል። ጓደኛዬ «አሥር ዲግሪ ይጎድለዋል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከሁሉም ንባብ ላይ አሥር እንድንጨምር ተስማማን። ማታ ግን አልተኛሁም። ጠዋት ስነሳ እናቴ ባቄላ ጥዳ «እዚህ አገር እኮ ባቄላ አይበስልም፣ ባሕር ዳር እህቴ ቤት ቶሎ ነው የሚበስለው» ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው! በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወረታ ላይ 94 ገደማ፣ ደብረ ታቦር ላይ 91፣ እኛ ጋ 90። ቴስተሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትነው እኛ ነበርን።

ምን ያህል እንደተደሰትን ልነግራችሁ አልችልም። መሣሪያችን አንድ ዲግሪ እንኳ አልሳተም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ቴስተር ያለንን ሁሉ አመንነው። ጽሑፋችን ውስጥ በጣም የተወደሰው ምዕራፍም ይኸው የውኃው ምዕራፍ ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ግን ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ንባቡን ልጽፍ ነው፤ የቴርሞካፕሉ ሽቦ ግን ከካንዴላዋ ተነስቶ ከቤንዚን ጋኑ ሥር አያልፍም። አንድ ሜትር ምን ይሆናል? እቤት የነበረ የስልክ ሽቦ ቆርጠን ቀጠልነው። መዳብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መጋጠሚያውን በደንብ ጠምዝዘን በፕላስተር ጠቀለልን፤ ከጋኑ ሥር፣ ከቴስታታው በላይ ካለው ብረት ጋር አሰርነው። የውኃውን ፈተና የሠራነው ይኸው ቅጥያ ገብቶ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ቅጥያው እያለ ነው 90 ያለው።

በመጀመሪያው ቀን ከገሳይ ደብረ ታቦር ሄድን። ንባቡ ዝቅ ያለ ነበር። «ገና ብዙ ቦታ አለን» አልን። ሌላ ቁጥር ቀነስን። ካንዴላዋ ነጣ ብላ ነበር፤ ጋሼ አይተው «ይቺ ነገር አልነጣችም?» ብለው ነበር። ቴስተሩን አሳየናቸው። ዝም አሉ። ሰው ዓይኑን ትቶ ቁጥር ሲያምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እንዲያምኑ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ወረታ ወረድን። መመለሻው ላይ፣ ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ ሁለት ሰው በአንድ ሞተር፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ነፋሱ ደግሞ ከኋላችን። ነፋስ ከኋላ በሞተር ሳይክሉ ፍጥነት ሲነፍስ ለክንፎቹ ምንም አየር የለም ማለት ነው። እጄ ላይ ያለው ቴስተር 190 ይላል። «እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ ጮክ ብለው። «ደህና ነው፣ ይንዱት!» አልኩ። ይህ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ተቆለፈ። ፍጥነታችን ትንሽ ስለነበረ እግዚአብሔር አተረፈን። እኔ ተላጥኩ፤ ጋሼ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፣ ቀኝ እጃቸው።

መካኒኩ ቴስታታውን ሲያወርደው የፒስተኑ አሉሚኒየም ሲሊንደሩ ላይ ተለድፏል። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገባ። ምክንያቱ ምንድን ነው ተባለ። እኛ 190 አይተናል፤ 190 ላይ ሞተር አይነክስም። ስለዚህ ሙቀት አይደለም አልን። ታዲያ ምንድን ነው? ዘይቱ ነው አልን። የተቀላቀለ፣ የተበላሸ ዘይት ይሆናል። ማስረጃ አልነበረንም። ጽሑፋችን ውስጥ ደግሞ የወረታውን ጉዞ ጨርሶ አላስገባንም፤ «በነዳጅ ቅባት ጥራት ምክንያት የተቋረጠ» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ አለ። ያልጻፍነው ገጽ ይህ ነው።

ከዓመታት በኋላ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ምድጃ ንባቡ እየዘቀጠ አስቸገረን። አንድ አዛውንት ቴክኒሻን አሉ፤ ሽቦውን በእጃቸው እየተከተሉ ሄደው ሄደው ከምድጃው አጠገብ አንድ መጋጠሚያ ላይ ቆሙ። አንድ ሰው በመዳብ ቀጥሎታል። «ልጄ፣ ይሄ ሽቦ ሙቀት የሚለካው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ተራ ሽቦ ነው» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። ዓለም በር ዳገት ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞካፕል የሚለካው ሙቀትን ሳይሆን የሁለት ጫፎችን የሙቀት ልዩነት ነው። ቴስተሩ የራሱን መሰኪያ ሙቀት ያውቅና በዚያ ላይ ይደምራል። በመዳብ ስትቀጥለው ሁለተኛው ጫፍ ቴስተሩ መሆኑ ቀርቶ መጋጠሚያው ይሆናል። መጋጠሚያው 65 ዲግሪ ቢሆንና ቴስተሩ በእጄ ነፋስ ላይ 15 ቢሆን፣ ንባቡ 50 ዲግሪ ይጎድላል። እናቴ ማድ ቤት ግን መጋጠሚያውም ቴስተሩም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ 90 አለ። ፈተናውን ያለፍነው ስህተታችን ማድ ቤት ውስጥ ስለማይታይ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ሞተሩ ሲግል ከክንፎቹ የሚወጣው አየር መጋጠሚያውንም ያግለዋል፤ ጉድለቱ አብሮ ያድጋል። ቀስ ብለን ዳገት ስንወጣ፣ ማለትም በጣም በምንፈልገው ሰዓት፣ በጣም ይዋሻል። እኔ 190 ባነበብኩ ጊዜ ቴስታታው 240 አካባቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ ለገሳይ አየር የቀነስናት ቀዳዳ ወረታ ስትወርድ ወፍራም አየር ታገኛለች፤ በአንድ ሺህ ሜትር ልዩነት አየሩ አሥር በመቶ ያህል ይወፍራል፣ ድብልቁ በአምስት በመቶ ያህል ይሳሳል። እኛ ደግሞ ሁለት ቁጥር ቀንሰን ጠርዝ ላይ አቁመነው ነበር። ዘይቱ ምንም አላደረገም።

ለመምህሮቻችን፣ ተማሪ ይህን ሥራ ደግሞ እንዲሠራ ከፈቀዳችሁ፣ ሦስት ነገር ልለምን። ቅጥያው ከዚያው ከኬ ዓይነት ሽቦ ይሁን፣ ካልተገኘም መጋጠሚያው ከሞተሩ ርቆ ከቴስተሩ ጋር አንድ ቦታ ይሁን። ሽቦው ከካንዴላ ገመድ ይራቅ፤ አለዚያ ንባቡ በእሳቱ እየዘለለ ያሳብዳል። ከኮሮና ወዲህ ሁሉም የሚያውቀው በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ደግሞ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ በጣም አሳንሶ ያነባል፤ ነጥቧን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ነው። የግንባሩ ዓይነት ጭራሽ ለዚህ አይሆንም። ደግሞም ሞተር ሳይክሉ ከቆመ በኋላ የሚለካው ሙቀት ዳገቱ ላይ የነበረው አይደለም። ሦስት ብዬ አራት አልኩ፤ ይቅርታ።

ባለፈው ለጥምቀት ገሳይ ገባሁ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ስለ እጃቸው የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። አልተናገሩም። ለረጅም ጊዜ መሬት ሲያዩ ቆዩና «እና ዘይቱ ደህና ነበር?» አሉ።

«ደህና ነበር ጋሼ።»

ዘይቱን የሸጠላቸው ባለ ሱቅ የልጃቸው የክርስትና አባት ነበር። እኛ «ዘይቱ ነው» ካልንበት ቀን ጀምሮ ሰላም አላሉትም። እሱም «ያልሠራሁትን» ብሎ ተቀየመ። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። ሰውዬው ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ጋሼ ለቅሶው ላይ አልቆሙም። እናንተ የገጠር ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ላስረዳ አልችልም።

ጋቢያቸውን አነሱ። «ተነስ፣ ሚስቱ አለች» አሉኝ። አብረን ሄድን። ወይዘሮዋ በር ላይ ሲያዩዋቸው ደነገጡ፣ ከዚያ ግቡ አሉን። ጋሼ መናገር አቃታቸው፤ እኔ ተናገርኩ። ስለ ሽቦውም ጭምር ነገርኳቸው፤ ሌላ መንገድ አላወቅሁም። ወይዘሮዋ እስክጨርስ ሰሙኝና «እሱ እኮ ቆርቆሮውን አስቀምጦት ነበር፤ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብሎ» አሉ። ከጓዳ አወጡት። ግማሽ ያህል ዘይት አለበት። ከዚያ ቡና አፈሉ፤ እስከ ሦስተኛው ተቀመጥን። ጋሼ ሲወጡ የበሩን መቃን በቀኝ እጃቸው ይዘው ጥቂት ቆሙ። መንገድ ላይ አልተነጋገርንም።

ያልጻፍነውን ገጽ አሁን ጽፈነዋል፤ ጓደኛዬም ፈርሞበታል። ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ክፍሉ ሰጥተናል፤ ቤተ መጻሕፍት ባሉት ቅጂዎች ላይ፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ እንዲለጠፍ ተስማምተናል። «በቅባት ጥራት ምክንያት» የሚለው ሐረግም በቀይ ተሰርዟል። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ጥቅል የኬ ዓይነት ማራዘሚያ ሽቦ ገዝተን ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ቁምሳጥን አስቀምጠናል። ተማሪ ሲጠይቅ የፈለገውን ያህል ቆርጣችሁ ስጡት። ሲያልቅ ደውሉልን።